በአናጺው ጓሮ በኩል

ይድረስ ለአንተ፣ በር ሲገባ ጎንበስ ማለት ለለመደው ረጅም ሰው፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲነካው የሚነሳብህ ወገብህ ተሻለው ወይስ አሁንም አንድ እጅህን ከኋላ አድርገህ እንደ ሽማግሌ ነው የምትራመደው? ምግብስ በሰዓቱ ትበላለህ? መልስ እንደማይመጣ እያወቅሁ ስጠይቅ ራሴም ያስቀኛል፤ ግን ጤና ሳይጠይቁ ወሬ መጀመር ለእኔ ሳያንኳኩ ሰው ቤት መግባት ነው። እኔ ከአንድ ክፉ ጥርስ በቀር ደህና ነኝ። አምቡላንስ ጣቢያችንም ደህና ነው። ጣሪያው ዛሬም ያፈሳል፤ ባልዲውም አንተ ያስቀመጥክበት ቦታ ላይ ተተክሎ ቀርቷል።

ካሁን በፊት የጻፍኩልህን ሁሉ ቀድጄ ጥያለሁ። አብዛኞቹ በስድብ የሚጀምሩ ስለነበሩ ብዙም አልቀረብህም። ይኼኛውን ግን አልቀድም፤ ነገሩ እናትህን ይመለከታል። ቁጭ በል እንጂ አትደንግጥ፣ በሕይወት አሉ። ይህን ስጽፍ በወዲያኛው ክፍል ሬዲዮ ከፍተው ከዜና አንባቢው ጋር እየተከራከሩ ነው። እንዴት እኔና እሳቸው አንድ ቤት ተገኘን ብትል፣ ከመጀመሪያው ካልጀመርኩልህ አይገባህም። መጀመሪያው ደግሞ፣ አትሳቅ፣ ኮምፒውተሩ ነው።

ያ ዳገት ሰፈር እንዴት እንዳንከራተተን ታስታውሳለህ? ቤቶቹ ቁጥር የላቸውም፣ መንገዶቹ ስም የላቸውም። አምቡላንስ ጣቢያው አዲስ የተከፈተ ሰሞን ሰው ይደውልና፣ ቀዩ በር ጋ፣ ውሻውን አለፍ ብሎ፣ ይላል። ቀይ በር በየጥጉ! ውሻማ አታንሳው። ሾፌራችን ጋሼ ፍሬን፣ በየመታጠፊያው ፍሬን ስለሚረግጥ እንዲያ ያልነው፣ በሽተኛ ይዞ ከሚመለስበት ቀን መንገድ ጠፍቶት የሚመለስበት ቀን ይበዛ ነበር። አለቃችንም ካርታ ሥሩ አሉ፤ ፕሮግራም መግዣ ስንላቸው ግን ጣሪያ ጣሪያ አዩ። አንተ ነህ፣ ግድ የለም፣ በነፃ የሚገኝ አለ፣ ሠሪዎቹ በየአገራቸው ተቀምጠው ለሰው ብለው የሚሠሩት፣ ብለህ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ማስኬጃ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ የጫንከው፤ በላዩም ነፃውን የካርታ ፕሮግራም። እኔማ ነፃ ነገር ሲባል ወይ ይሰበራል ወይ ይነክሳል ብዬ አላምንም ነበር።

ከዚያ ወጣን። አንተ ጂፒኤሱን ይዘህ ከፊት፣ እኔ የየቤቱን ስም እየጻፍኩ ከኋላ። የረገጥከው መንገድ ሁሉ በመሣሪያው ውስጥ መስመር ይሆናል፤ ያንን መስመር ማታ ማታ ኮምፒውተሩ ላይ አስገብተን ስም እንሰጠዋለን። ከታች ሲያዩህ ከጣሪያዎቹ በላይ ራስህ ብቻ ሲሄድ ስለሚታይ ጋሼ ፍሬን ሸንበቆ አለህ። ስሙ ተጣብቆብህ ቀረና ኮምፒውተሩ ላይም የተጠቃሚ ስምህ እሱው ሆነ። ይህን ስም ልብ በል፣ ኋላ ጣጣ ያመጣል። ሁለት ሰው በማያሳልፍ መንገድ ጎን ለጎን ካልሄድን ብለን ስንታገል ልብሳችን በግድግዳው ኖራ ይነጣ ነበር። ሰው ሁሉ ቀያሾቹ መጡ ከማለት ኖራዎቹ መጡ ወደ ማለት ሄደ። እንደዚያ ጊዜ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይኸው በግልጽ አልኩት።

እና ክረምቱ ሲወጣ ያ አሮጌ ኮምፒውተር ሞተ። መጀመሪያ ማጉረምረም ጀመረ፣ ቀጥሎ ማፏጨት፤ አንድ ቀን ጠዋት ስከፍተው ጭጭ። ለጥገና የመጣው ሰውዬ ሆዱን ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። ደግነቱ ውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ገለበጠልኝ፤ ያኛውም ቢሆን ሌላ መሥሪያ ቤት የጣለው ነው። ባዶውን ሊኑክስ ጫነልኝና፣ የቀረውን ራስሽ ተወጪው፣ እኔ እንዲህ ያለ ካርታ አላውቅም፣ ብሎ ውልቅ አለ። ጉድ ፈላ! ከጋሼ ፍሬን በቀር ሾፌሮቹ ሁሉ አዳዲስ ናቸው፣ ሰፈሩን አያውቁትም። ካርታው ካልተከፈተ እንደ ድሮው ቀይ በር ፍለጋ ልንገባ ነው። አለቃችን በሩ ላይ ቆመው፣ እንዴት ነው፣ ተስፋ አለው ወይ፣ ይሉኛል፤ የታመመ ሰው የሚጠይቁ ነው የሚመስሉት።

ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ፤ ያ ትእዛዝ የሚጻፍበት፣ እኔ ጉድጓዱ የምለው። ድሮ አንተ ስትጽፍበት እኔ ከኋላህ ሻይ እየጠጣሁ እስቅብህ ነበር። ከማሽኑ ጋር ስታወራ፣ ና እንጂ፣ አይዞህ፣ ምን ሆነሃል፣ ስትለው። አሁን ተራው የኔ ሆነና ከኋላዬ የሚስቅብኝ እንኳ አጣሁ። ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰው የጻፈው መመሪያ አገኘሁና መስመር በመስመር ገለበጥኩት። ለካ መመሪያው ለሌላ የሊኑክስ እትም የተጻፈ ኖሯል! ፕሮግራሙን ከዚህ አውርጂ ያለኝ ማከማቻ ለኔ ሊኑክስ የሚሆን አይደለም። ከዚያ ወዲያ ጠቡ ጀመረ። ይኼኛው፣ ያኛው ካልመጣ አልጫንም ይላል፤ ያኛው፣ ይኼኛው ካልወጣ አልገባም ይላል። ሁለት የተጣሉ አማቾች ቤቴ ገብተው የተፋጠጡ ነው የመሰለኝ። አንዱን ስለማመጥ ሌላው ይኮርፋል። በጡጫ ልለው ምንም አልቀረኝም።

ታዲያ ድምፅህ መጣልኝ። ስህተት ሲዘረገፍብሽ የመጀመሪያዋን መስመር አንብቢ፣ የቀረው አጃቢ ነው፣ ትለኝ ነበር። እኔ ሁልጊዜ የመጨረሻዋን አንብቤ ስበሳጭ። ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ወጣሁ። እውነትም አናቱ ላይ፣ ይህ ማከማቻ ካለሽ እትም ጋር አይስማማም፣ የምትል አንዲት ምስኪን መስመር ተቀምጣለች። ማከማቻውን አስወጣሁ፤ የተበላሸውን ጠራረግሁ፤ ሊኑክሱ ራሱ ከሚያውቀው ቦታ እንደገና ጫንኩት። ተከፈተ! እሰይ ብዬ ስጮህ ስልክ ተቀባይዋ ወንበሯን ገልብጣ ተነሳች።

እሰይ ያልኩት ግን ቶሎ ኖሯል። ካርታውን ስከፍተው ነጭ ነው። በጎን በኩል መንገዱም፣ ቤቱም፣ ቧንቧውም፣ ዝርዝሩ በሙሉ ምልክት ተለጥፎበት ፋይሉ የለም ይለኛል። ፋይሉማ አለ፣ በዓይኔ እያየሁት! የት እየፈለገው እንደሆነ ሳነብ ገባኝ። ሊኑክስ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱን ማህደር ይሰጠው የለ? ካርታው ሁሉን ነገር የሚፈልገው በሸንበቆ ማህደር ውስጥ ነው። አዲሱ ኮምፒውተር ደግሞ ሸንበቆ የሚባል ሰው አያውቅም። ፋይሎቹ የማን እንደሆኑ በሚጻፍበት ቦታ ላይ ስም የለም፤ ደረቅ ቁጥር ብቻ። ሰው ሲሄድ ስሙ ተነስቶ ቁጥር ይቀመጥለታል ለካ። ልክፈት ስል ደግሞ አልተፈቀደልሽም አለኝ። አቤት ድፍረት! እግሬ ተላልጦ የሠራሁትን!

አድራሻቸውን አንድ በአንድ መለወጥ ይቻል ነበር። አልለወጥኩም። ለምን ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ሸንበቆ የሚባል ተጠቃሚ ፈጠርኩ፤ ማህደርህን ከፈትኩልህ፤ ፋይሎቹን እዚያ አስገብቼ በስምህ አዞርኳቸው። የይለፍ ቃል ሲጠይቀኝ ምን እንዳልኩት አልነግርህም፤ ከገመትክ ገመትክ። ቁጥሩ ጠፍቶ በቦታው ስምህ ሲመጣ እጄን አንስቼ ስክሪኑ ላይ በጣቴ ነካሁት። ከዚያ እነዚያ ምልክቶች ተራ በተራ ጠፉና መንገዶቻችን ተዘረጉ፤ እያንዳንዷ ደረጃ፣ እያንዳንዷ ጥምዝ።

ስሞቹ ግን ሳጥን ሆነዋል። እኔ የጻፍኩት ሁሉ ባዶ ባዶ ሳጥን ሆኖ ተደርድሯል። አዲሱ ኮምፒውተር ፊደላችንን አያውቀውም። ይኼኛው እንኳ ቀላል ነበር፤ የፊደሉን ጥቅል ጫንኩና ፕሮግራሙን ዘግቼ ከፈትኩት። አንተዬ! ሰፈሩ በሙሉ ስሙን ይዞ ተነሳ። ሁለት ጊዜ ጮሆ የሚተኛው ውሻ። ምርቃታቸው የማያልቅ ሴትዮ። የጠማማው ደረጃ ሱቅ። ሲኮርፍ በሩን የማይከፍተው ጫማ ሰፊ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ እዚህ ወደቀች። እኔ ተንሸራትቼ የተቀመጥኩባትን ቦታ ነጥብ አድርገህ፣ እኔ ሳላይ ጽፈህባት፣ ይህን ሁሉ ጊዜ አምቡላንስ በላይዋ ሲመላለስ ኖሯል! ሳቅሁ። ስስቅ፣ ስስቅ ለቅሶ ሆነ። ስልክ ተቀባይዋ ጥርሴ የተነሳብኝ መስሏት ማስታገሻ አመጣችልኝ፤ ምን ልበላት፣ ዋጥኩት።

ያኔ ነው ነጩን ቦታ ያየሁት። ከልብስ ሰፊው በስተጀርባ፣ በሰፈሩ መሃል፣ አንድም መስመር ያላረፈበት። ሌላ ሰው ቢያየው የፕሮግራሙ ስህተት ነው ይላል። እኔ ግን ምን እንደሆነ አላጣሁትም።

ያን ቀን ዝናብ ነበር። እየቀየስን እናንተ በር ላይ ደረስን። እናትህ ከፍተው፣ እናንተ እብዶች፣ ግቡ እንጂ፣ ብለው በክንዳችን ጎተቱን። አንተ ባትሪ ልቆጥብ ብለህ ጂፒኤሱን አጠፋህ። እኔ የእናትህን ሰማያዊ ሹራብ ለበስኩ፣ እጅጌው ረዝሞብኝ ሾርባውን ስጠጣ ይነከርብኛል። ዝናቡ አባራ፤ እኛ አልተነሳንም። አንተ ያን ጠማማ መደርደሪያ ስትመታ፣ እኔ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስልህ፣ እናትህ አንዴ እኔን አንዴ አንተን እያዩ ፈገግ ይላሉ። ስንወጣ፣ የእናንተንም መንገድ እንቀይሰው እንጂ፣ ብልህ ሳቅክብኝ። ለገዛ ቤቴ ደግሞ ካርታ? ዓይኔን ጨፍኜ እገባለሁ! አልክ። እኔም አብሬህ ሳቅሁ። ከዚያ ነገ፣ ከነገ ወዲያ እንዳልን ቀረ። የሰው በር ሁሉ ቀይሰን የራሳችንን ዘለልነው።

አንተ ለጥቂት ወር ብለህ ከሄድክ ወዲህ እኔ በዚያ በኩል አላለፍኩም። መጀመሪያ በየሳምንቱ ትጽፍ ነበር፣ ኋላ በየወሩ፣ ኋላ ጭራሽ። እናትህን ገበያ ላይ ሳገኛቸው ጉንጫቸውን ስሜ እሸሻለሁ። ስለ አንተ እንዳይጠይቁኝ ነው ብዬ ራሴን አታልላለሁ፤ እውነቱ ግን እኔ እንዳልጠይቃቸው ነው።

ካርታው በተከፈተ በዚያው ሳምንት፣ ረፋዱ ላይ፣ ስልኩ ጮኸ። የደወለችው አንዲት ጎረቤት ናት። ከልብስ ሰፊው ጀርባ ያሉት ትልቅ ሴትዮ ትንፋሽ አጠራቸው፣ ከንፈራቸው ጠቆረ፣ ድረሱልን፣ አለችና ስልኩን ጥላ ወደ እሳቸው ሮጠች። ስልክ ተቀባይዋ ቦታውን አሳዪን ብላ ጠራችኝ። ስክሪኑ ላይ ነጭ ነው። ስማቸው ማን ነው ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ጋሼ ፍሬንና ነርሷ መኪናው ውስጥ ገብተው ጉዞ ጀምረዋል። ሬዲዮውን ቀማሁና ከጭንቅላቴ መራኋቸው። መኪናውን ልብስ ሰፊው ጋ አቁማችሁ፣ ሰፊውን ደረጃ ትታችሁ ብረት ያለውን ጠባቡን ውጡ፣ ቧንቧው ጋ ስትደርሱ ወደ ግራ። ድምፅሽ የረጋ ነበር ይሉኛል። ጥቂት ቆይቶ ጋሼ ፍሬን እያለከለከ፣ ግንብ ነው፣ አለኝ። ምን ግንብ? አልኩት። መንገዱ ተዘግቷል፣ ግንብ ቆሞበታል፣ ወዴት ልሂድ? አለ። አንተ ከሄድክ በኋላ አንዱ ግቢውን ሲያሰፋ መንገዱን ውጦት ኖሯል። ሰዉ አሁን በላይኛው ጫፍ ዞሮ ነው የሚገባው፤ ይህን እንኳ የሰማሁት ኋላ ነው። በዚያች ሰዓት የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እናትህ ከግንቡ ወዲያ ናቸው፣ እኛ ከግንቡ ወዲህ ነን።

ያኔ ያ የሌባ መንገዳችን ትዝ አለኝ። ሰው እንዳያየን አመሻሽ ላይ እኔን የምታሾልክበት። ጋሼ፣ አልኩት፣ ወደ ኋላ ተመለስ፣ አናጺው ቤት ግባ፣ በመጋዙ አጠገብ አልፈህ ጓሮ ውጣ፤ አጥሩ ላይ ከጥጉ ያለችውን ጣውላ ግፋት፣ ከታች አልተመታችም፤ ጎንበስ ብለህ እለፍ፣ በልብስ ማስጫው ሥር፣ በቀኝህ የመጀመሪያው በር። ይህን ሁሉ ስል ጣቢያው በሙሉ ይሰማል። ከዚያ ጋሼ ፍሬን፣ አንቺ ልጅ፣ ይህን ደግሞ በምን አወቅሽው? አለኝ። ኋላ እነግርሃለሁ፣ ሩጥ! አልኩት። አለቃችን የሚያፈሰውን ጣሪያ መመርመር ጀመሩ። ስልክ ተቀባይዋ አፏን በእጇ ይዛለች። ያን ሁሉ ጊዜ ጫማ አውልቀን የጠበቅነው ምስጢር በአንድ ሬዲዮ አለቀ።

ጣውላዋ ተገፋች። ደረሱላቸው።

በቃሬዛ በዚያች ቀዳዳ ማሳለፍ ስለማይቻል አናጺው ራሱ መዶሻውን ይዞ መጥቶ አጥሩን ነቀለላቸው፤ የቃሬዛውንም አንድ ጫፍ ይዞ እስከ መኪናው ወረደ። ነርሷ፣ በላይ ዞረን ቢሆን ኖሮ አንደርስም ነበር፣ አለችኝ። አናጺው ሆስፒታል ሊጠይቃቸው ሲመጣ አግኝቼው ላመሰግነው ብል ሰውዬው ሳቀብኝ። ዕድሜ ልኩን ምስማር ሲመታ የኖረ ሰው የገዛ አጥሩ ላይ አንዲት ጣውላ ሳይመታ የሚተው ለምን ይመስልሻል? አለኝ። ያውቅ ነበር! እኛ በእግር ጣታችን እየሄድን ትንፋሻችንን ስንውጥ፣ ሰውዬው ሆነ ብሎ ነው በሩን የተወልን። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እናትህ ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። መተንፈሻውን ከፍ አድርገው፣ ሹራቤን ሳትመልሺ የት ጠፋሽ? አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አልመለስኩትም። አሁንም ለብሼው ነው የምጽፍልህ።

ከሆስፒታል ሲወጡ ለጥቂት ቀን ብዬ አብሬያቸው ገባሁ። ጥቂት ቀኑ ግን አላልቅ አለ። የምጽፍልህ ካንተ ክፍል ነው። መደርደሪያህ እንዳጋደለ ነው፤ ብርጭቆ ሳስቀምጥበት ተንሸራትቶ ጥጉ ላይ ይቆማል። ላቃናው ብል፣ ንኪውና እጅሽን እቆርጠዋለሁ፣ ተባልኩ። ጠዋት ጠዋት መድኃኒታቸውን ስሰጣቸው በኔ የተነሳ የመረረ ይመስል ይገላምጡኛል። አንቱ አትበዪኝ፣ እማ በይኝ፣ ብለውኛል። በአፌ ለምጄዋለሁ፤ እጄ ግን ለአንተ ሲጽፍ አፍሮ መሰለኝ ያንኑ የድሮውን ይዟል።

ለሱ አትንገሪው፣ ሥራው ላይ ልቡ ይከፈልበታል፣ ብለው አስምለውኝ ነበር። ይኸው መሐላዬን በላሁ። ባለፈው ስትደውል እኔ ሆስፒታል አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ስምህን ስልኩ ላይ ሲያዩ መተንፈሻውን ከአፍንጫቸው አወለቁ፣ ፀጉራቸውን አስተካከሉ፣ ትራሱን ተደግፈው ቀና አሉና ነው፣ ደህና ነኝ፣ ያሉህ። ምን ያስለከልክሻል ስትላቸው፣ ጎረቤት ደርሼ መምጣቴ ነው፣ አሉህ። አንተም አመንክ። ሥራ እንደበዛብህ፣ በሚቀጥለው ዓመት እንደምትመጣ ነገርካቸው። ስልኩ ሲዘጋ ለመተንፈስ ብዙ ታገሉ። እኔ ድምፅህን ስሰማ ብርጭቆውን ግድግዳው ላይ ልወረውረው ነበር። ተናደድኩብህ። ናፈቅኸኝ። ሁለቱ አብረው እንዲህ እንደሚመጡ አላውቅም ነበር።

ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ የነገረኝን እዚህ አልጽፍም። ትኬት የምትቆርጥ ከሆነ ግን የቅርቡን ቁረጥ።

ከትናንት በስቲያ ያን ነጭ ቦታ ልሞላው ጂፒኤሱን ይዤ ወጣሁ። አሮጌው ነው፤ ዛሬም ሳተላይት እስኪያገኝ ሰው ያስረጃል። በላይኛው ጫፍ ዞሬ፣ በቧንቧው፣ በአዲሱ ግንብ ጥግ ተመላለስኩ። በአናጺውም ጓሮ በኩል አለፍኩ፤ ነቅሎት በነበረው አጥር ላይ አሁን ቃሬዛ የሚያሳልፍ በር ሠርቶበታል፣ ቁልፍ የለውም። ጋሼ ፍሬን ለዚያ በር በካርታው ላይ የሚጻፍለትን ስም ነግሮኝ ነበር፤ አለቃ የሚያየው ካርታ ስለሆነ የአናጺው ጓሮ ብቻ ብዬ አለፍኩት። የእናንተን ቤት ምን ብዬ እንደሰየምኩት ራስህ አንብበው።

እናትህ ወንበር አውጥተው በሩ ላይ ተቀምጠው ስወጣ ስወርድ ያዩኛል። በመጨረሻ፣ ምን ሆነሽ ነው እንደ ጠፋ ሰው የምትዞሪው? አሉኝ። ነገርኳቸው። እስቲ አምጪው ብለው መሣሪያውን ተቀበሉኝ፤ አገላበጡት፣ መስታወቱን በቀሚሳቸው ጠረጉት። ከዚያ፣ ይኼ ነገር እሱ ያለበትን ያሳያል ወይ? አሉኝ። አያሳይም እማ፣ የሚያሳየው እኛ ያለንበትን ብቻ ነው፣ አልኳቸው። መሣሪያውን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት። እንግዲያስ እኛ ያለንበትን ላኪለት፣ አሉኝ።

ይኸው ላክሁልህ። ፖስታው ውስጥ ትንሽ ፍላሽ ታገኛለህ። አንተ ጋ ሲደርስ ምንም አያስቸግርም፤ የሚፈልገው የሸንበቆን ማህደር ነው፣ ሸንበቆ ደግሞ እዚያ አለ። የፊደሉን ጥቅል መጫን ብቻ አትርሳ፣ አለዚያ ሳጥን ነው የምታየው። ነጩ ቦታ ተሞልቷል። ደህና አድርገህ እየው፤ ዓይኔን ጨፍኜ እገባለሁ ያልከው ቀርቷል። ዓይንህን ጨፍነህ ብትመጣ የምትገጨው ግንብ ነው።

የሄድክበት ይቅናህ። ወገብህን ፈጣሪ ይማርልህ፣ ከክፉ ሰውና ከክፉ አለቃ ይሰውርህ፣ መንገድህን አጭር ያድርግልህ። ስለ እኔ ምንም አታስብ። መጠበቅ ትቻለሁ ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። እማ ግን አልተወችም፤ መሽቷል፣ ብርድ ነው፣ ግቢ ብላት ወንበሯን ከበሩ ላይ አላስነሳም ትለኛለች።

የእናትህ ልጅ